የተንጠለጠለችው ገመድ

ሁለተኛ ዲግሪዬን ያበላሸችው ክንድ የማትሞላ ሰማያዊ ገመድ ናት። የሰካት ደግሞ አማካሪዬ ነው፤ የኔትወርክ ምህንድስና ዶክተር። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን «እሱ» ይበቃዋል።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ስዊች ማለት ኮምፒውተሮች በገመድ የሚሰኩበት፣ ከአንዱ የተቀበለውን መልእክት ለሌላው የሚያደርስ ሳጥን ነው። መልእክቱ ለሁሉም የተላከ ከሆነ ከገባበት ቀዳዳ በቀር በሁሉም ቀዳዳ ይለቀዋል። የአንድ ገመድ ሁለት ጫፍ እዚያው ሳጥን ላይ ከተሰካ ግን በአንዱ የወጣው በሌላው ይገባል፤ የገባው እንደገና ይወጣል፤ እየተባዛ ይዞራል እንጂ ማብቂያ የለውም። ይህን ያስተማረን ራሱ ዶክተሩ ነው፣ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ። «ሉፕ ማለት የሰፈር ሐሜት ነው» ብሎ አስቆናል። «ከቤትህ አንድ ሆኖ ይወጣል፤ መንደሩን ዞሮ ሲመለስ ባለቤቱም አያውቀው።»

ስዊቾች ይህን የሚከላከል ጥበቃ አላቸው። የእኔ ጥናት ደግሞ ያንን ጥበቃ የሚተካ ፈጣን ዘዴ መሥራት ነበር፤ ስለዚህ የላቦራቶሪዬን ስዊቾች ጥበቃ አጥፍቼዋለሁ። ዶክተሩ ባጸደቀው እቅድ፣ በዶክተሩ ፈቃድ። ሰማያዊዋ ገመድ የሙከራዬ ዕቃ ነበረች፤ አንድ ጫፏ ተሰክቶ ሌላው ይንጠለጠላል፤ ሆን ብዬ ሉፕ መፍጠር ስፈልግ ብቻ እሰካታለሁ። መደርደሪያው ላይም «ጥበቃ የለውም፤ ገመድ አይነካ» ብዬ በቀይ ጽፌ ለጥፌ ነበር። ላቦራቶሪው ከግቢው ኔትወርክ የተነጠለ ስለሆነ የሚጎዳው ሰው የለም።

ከዚያ እንግዶች መጡ። ዶክተሩ የግቢው የኮምፒውተር አገልግሎት ዳይሬክተር ሆኖ ሊሾም ጫፍ ደርሶ ስለነበር፣ እንግዶቹ ላቦራቶሪያችንን አይተው አፋቸውን እንዲይዙ ፈልጓል። ኢንተርኔት እንዲያገኙ ብሎ ላቦራቶሪውን ከግቢው ዋና መስመር ጋር አገናኘው። ቀዩን ጽሑፌን ለእንግዳ አይመጥንም ብሎ ገነጠለው። እኔ ይህን አላየሁም፤ እንግዶቹን እንድቀበል ታዝዤ የግቢው በር ላይ ቆሜያለሁ። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ በር ጠባቂነትም ይሠራል። ዶክተሩ ለመጨረሻ ጊዜ ዞር ዞር ብሎ ሲያይ ገመዷ ተንጠልጥላ አገኛት፤ አነሳትና እዚያው ስዊች ላይ ባገኘው ባዶ ቀዳዳ ሰካት።

ግቢው ቀጥ አለ። በኮምፒውተር ፈተና ላይ የነበሩ የአንደኛ ዓመት ልጆች መልሳቸው ዓይናቸው እያየ ጠፋ፤ መምህራን በየኮሪደሩ ስልካቸውን ወደ ጣሪያ እየዘረጉ ይዞሩ ጀመር። እንግዶቹም ጥቁር ስክሪን ጎብኝተው ተሸኙ።

ገመዷን ያገኛት ታላቅ ወንድሜ ነው። በግቢው የኔትወርክ ክፍል የኮንትራት ቴክኒሻን ነው። ይህን ሙያ ያስወደደኝም እሱ ነው፤ ልጅ ሳለሁ የምግብ ጠረጴዛችን ላይ ገመድ ልጦ የስምንቱን ሽቦዎች ቀለም እንደ ዘፈን ያስጠናኝ ነበር። በማግስቱ ምሳ ላይ ጉርሻው በአፉ እንዳለ ሳቁ አላስበላው አለ።

«ሚጢ፣ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ተንጠልጥላ ስታስጠላኝ ሰካኋት› አይለኝ መሰለሽ!»

«ማን? ዶክተሩ?»

«ዶክተርሽ ነዋ! ሉፕ መሆኑን ስነግረው አመድ መሰለ። ‹ወንድሜ፣ ይቺ ነገር እዚሁ ትቅር› አለኝ።»

«በሰው ውድቀት አይሳቅም» አለች እናቴ፣ እሷም እየሳቀች።

ሳቃችን ዕድሜ አልነበረውም። በሳምንቱ ዶክተሩ ቢሮው ጠራኝና ወንበር ሳበልኝ። ወንበር ስቦልኝ አያውቅም።

«የኮሌጁ ዲን ተጠያቂ ይፈልጋል፤ ኮሚቴ አቋቁሟል» አለኝ። «ጥበቃውን ያጠፋሽው አንቺ ነሽ። መቼም ይሄን አትክጂም።»

«እርስዎ ፈቅደውልኝ ነው።»

«እሱን ማን ካደ? ስሚኝ ልጄ። ኮሚቴው ፊት ‹በጥንቃቄ ጉድለት ገመዷን የሰካኋት እኔ ነኝ› ትያለሽ። ማስጠንቀቂያ ይሰጡሻል፤ ከዚያ ጥናትሽን አቅርበሽ ትመረቂያለሽ። እምቢ ካልሽ ላቦራቶሪው ይታሸጋል። አማካሪም ሌላ ፈልጊ። በዚህ ግቢ በዚህ ርዕስ የሚያማክር ሌላ ሰው ታውቂያለሽ?»

አላውቅም። እንደማላውቅም ያውቃል።

«ሰው ነኝ፣ ተሳሳትኩ ቢሉስ?»

ከልቡ ሳቀ። «ሉፕ የሠራ የኔትወርክ ዶክተር! መሳቂያ ልሁንልሽ?»

ቤት ስገባ ወንድሜ ቀድሞኝ ደርሶ እናቴ አጠገብ ተቀምጧል። ዓይኑን ሳይ የተነገረኝ ሁሉ ከዶክተሩ እንደደረሰው ገባኝ።

«እሺ በይና ይለቅ» አለኝ።

«ጋሽዬ፣ በገዛ አፉ ነግሮሃል እኮ!»

«ሰማሁ እንጂ አላየሁም።»

«ባለፈው እዚሁ ተቀምጠህ ስትስቅስ?»

«እሱ ዳይሬክተር ሲሆን ኮንትራቴን የሚያድሰው ማን ነው? ሚስቴ የመውለጃዋ ወር ገብቷል፤ በዚህ ሰዓት ሥራ አጥ ልሁን?»

«ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» አለች እናቴ። «አንገትሽን ደፋ አድርገሽ እለፊ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

«እስኪጠራ ጓደኞቼ ተመርቀው፣ ወልደው፣ ልጅ አስተምረው ይጨርሳሉ።»

«ምላስሽ ነው የሚገድልሽ» አለችኝ። ተነስታ ሳህን ማጠብ ጀመረች። የታጠቡ ሳህኖች ነበሩ።

ኮሚቴው የተሰበሰበው ዲኑ ቢሮ ውስጥ፣ ረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። ዲኑ ገመዷን ላስቲክ ውስጥ አስገብቶ መሀል አስቀምጧታል፤ ሰው የገደለች ቢላ ትመስላለች።

«ይህቺን የሰካው ማን ነው?»

«እኔ አይደለሁም» አልኩ። «የሰኩት ዶክተር ናቸው።»

ዶክተሩ አልተቆጣም። የታመመ ልጅ እንደሚያስታምም ሰው ራሱን በሐዘን ነቀነቀ። «ጎበዝ ተማሪ ናት» አለ። «የጥናት ድካም ነው።»

ዲኑ ወደ ወንድሜ ዞረ። «መጀመሪያ የደረስከው አንተ ነህ። ማን ነው የሰካት?»

ወንድሜ ገመዷን እንጂ እኔን አላየም። «ስደርስ ተሰክታ ነው ያገኘኋት። ማን እንደሰካት አላየሁም።»

ውሸት አልነበረም። ውሸት ቢሆን እወድ ነበር፤ ውሸታም ብዬ እገላገል ነበር። ዲኑ «የሰማኸውስ ነገር አለ?» ብሎ ሊጨምር ይችል ነበር፤ አልጨመረም።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ያን ዕለት ምሳ ላይ የተባለውን በአንድ አረፍተ ነገር መናገር እችላለሁ፤ ወንድሜም ያንን እየጠበቀ እጁን ጠረጴዛው ሥር ደብቋል። ከተናገርኩ እሱ ከሥራው ይወጣል፤ ዶክተሩ ግን ቢበዛ ሹመቱ ቢዘገይበት ነው።

«እንግዲህ ልጄ» አለ ዲኑ ሰዓቱን እያየ፣ «የምንፈልገው አንዲት ቃል ነው። ጥፋቴ ነው በይና ጉዳዩ ይዘጋ።»

የላቦራቶሪውን ቁልፍ ከቦርሳዬ አወጣሁ። መያዣው ወንድሜ ትምህርቴን ስጀምር የሠራልኝ ነው፤ ስምንቱም ሽቦ በቀለሙ የገባበት ቁራጭ ገመድ። ቁልፉን ከነመያዣው ዶክተሩ ፊት አስቀመጥኩት።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ።

«የተንጠለጠለ ነገር አይወዱም ብዬ ነው።»

«ከወጣሽ እኮ አለቀ» አለ ዲኑ። «ለሚቀጥለው ዓመትም ቦታ የለሽም።»

«ገብቶኛል።»

«ሚጢ» አለ ወንድሜ፣ ቀስ ብሎ። ሌላ ነገር ይጨምር እንደሆነ በሩ እስክደርስ ጠበቅኩት። አልጨመረም። ወጣሁና በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት፤ መልሶ እንዳይከፈት እጀታውን ቀጭ እስኪል ድረስ ሳብኩት።