ቶሎ የሚግል ካውያ

ወንድሜ ተክሌ ካውያውን ሰክቶ ወጥቶ ቁርሱን በልቶ ይመለስ ነበር። ይህን የምለው ለማጋነን አይደለም። ስታኞ የሚባለውን የመበየጃ እርሳስ የምናቀልጥበት ያ ካውያ እጀታው በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለ፣ ሲሰኩት እንደ ሽማግሌ አስቦ አስቦ የሚሞቅ ነበር። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። የስልኩን ቦርድ ፈትቼ፣ አጽድቼ፣ "ጋለ ወይ?" እለዋለሁ። "ገና ነው" ይለኛል። ትንሽ ቆይቼ እንደገና "ጋለ ወይ?" ስለው "ገና ነው፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" ይላል። መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ ከመናኸሪያው በላይ ባለችው ጠባብ የስልክ መጠገኛ ሱቃችን ውስጥ አብረን የሠራንበት ዘመን ቢጨመቅ የሚወጣው ይኸው ነው።

ተክሌ ለሱቁ ዕቃ ሊያመጣ ወደ ደብረ ታቦር ሲሄድ የተሳፈረበት መኪና ተገለበጠ። አምጥተን ቀበርነው። ካውያውን ግን ከጠረጴዛው ላይ አላነሣሁም። "ምሥራቅ፣ ይህን ቅርስ ጥለሽ አዲስ ግዢ" የሚሉኝን ሁሉ እቆጣቸው ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ካውያውን በሰካሁ ቁጥር "ጋለ ወይ?" የሚለው ከአፌ ያመልጠኛል። የሚመልስልኝ የለም። እኔ ግን መልሱን ጆሮዬን አቁሜ እጠብቃለሁ፤ አንዳንድ ቀን የሰማሁትም ይመስለኛል።

የተክሌን ስልክ ከአደጋው ቦታ ያነሡት ሰዎች ለእኛ ያደረሱት የአርባው ተዝካር ከወጣ በኋላ ነው። መስተዋቱ ይሰንጠቅ እንጂ ሌላው ደኅና ነበር። እኔ የምኖረው ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ነው፤ እናቴና ተክሌ ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ባለው ቤታችን አብረው ይኖሩ ነበር። ስለዚህ ስልኩን ቻርጅ አድርጌ ወደ እናቴ ወሰድሁትና ተክሌ ይተኛበት ከነበረው መደብ ራስጌ አስቀመጥሁት። ፎቶውን እያየች ትጽናናለች ብዬ ነበር።

በማግሥቱ ገና ሱቁን ስከፍት እናቴ አበራሽ ነጠላዋን በቅጡ ሳትለብስ መጣች። በእጇ የያዘችው ስልክ ውኃ ያንጠባጥባል።

"ተክሌ መጥቶ ነበር" አለችኝ።

"የት?"

"እቤት ነዋ። ሊነጋጋ ሲል፣ እንደ ወትሮው ከመደቡ ላይ ሆኖ 'እማ፣ ተነሽ፤ ኪዳን ሊደርስ ነው' አለኝ። ድምፁ ራሱ ነው። ዘወር ብል መደቡ ባዶ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ፣ የልጄ ነፍስ አላረፈችም ማለት ነው ብዬ በሃይላንድ ያስቀመጥሁትን ጸበል አንሥቼ ደፋሁበት። ጭጭ አለ።"

እናቴ ስልኩን የያዘችው ጸበሉ ስላረፈበት ነው፤ ድምፁ ከየት እንደመጣ አልገባትም። እኔ ግን ገባኝ። ተክሌ ሰማይ ቢወድቅ በማለዳ የሚነሣ ሰው አልነበረም። እናታችን ግን "ለኪዳን የሚቀሰቅሰኝ ልጄ ነው" እያለች በሰፈሩ ሁሉ ትኮራበት ነበር፤ እኔም ይህ ሰነፍ ምን ነካው እያልሁ እደነቅ ነበር። ለካ ሰውዬው ድምፁን ቀድቶ የስልኩ ማንቂያ ደወል አድርጎታል። ስልኩ እናቱን ይጠራል፤ እሱ ከብርድ ልብሱ ሥር እጁን አውጥቶ ይዘጋውና ተመልሶ ይተኛል። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቄ መጣ።

"እማ፣ ነፍሱ አይደለችም። ስልኩ ውስጥ የተቀዳ ድምፁ ነው። እንዲቀሰቅስሽ ብሎ ያስገባው።"

እናቴ አልሳቀችም። ስልኩን ገልበጥ አድርጋ አየችው። "ድምፁ እዚህ ውስጥ ነበር?"

"አዎ።"

"ልጄ ሲጠራኝ ነው እንግዲህ ውኃ የደፋሁበት" አለችና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ለኪዳን አልተነሣችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትውላለች። ምግብ ሲቀርብላት ቀመሰች ለመባል ያህል ትነካካለች። "ዳግመኛ የገደልሁት እኔ ነኝ" ትላለች እንጂ ሌላ ወሬ የላትም። ከጎረቤት ሴቶች አንዷ "ሙት ይዞ ይሞታል" ስትል ሰማሁና ክፉኛ ተናገርኋት። የተናገርኋት ግን ስለፈራሁ ነው። ወንድሜን ቀብሬያለሁ፤ እናቴን የምጨምርበት አቅም አልነበረኝም።

ስልኩን ፈታሁት። ጸበልም ቢሆን ለቦርድ ውኃ ውኃ ነው፤ አረንጓዴ ዝገት ጥሎበታል። ኃይል በሚያከፋፍለው ቺፕ አጠገብ፣ ከቆርቆሮ ክዳን ሥር፣ የጤፍ ፍሬ የምታህል ነገር ሾርት ሆና ስልኩን እንዳይበራ አድርጋዋለች። ክዳኑን ከፍቶ እሷን ማንሣት ነው ሥራው። ነገር ግን ክዳኑ የተበየደው ሰፊ መዳብ ላይ ስለሆነ የሚሰጠውን ሙቀት ሁሉ ይጠጣል። የተክሌን ካውያ ሰካሁ፣ የሚጠበቀውን ያህል ጠበቅሁ፣ ጫፉን አስነካሁት። ስታኞው ንቅንቅ አላለም። ጫን ብዬ ቆየሁ። አሁንም አልቀለጠም፤ ቦርዱ ግን በወዲያኛው በኩል ጣቴን ያቃጥለኝ ጀመር። ሙቀቱ ወዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ። ከክዳኑ ጎን ያለችው ቺፕ ናት ድምፁን የያዘችው። እሷ ከተቀቀለች ተክሌ ሙሉ በሙሉ ሄደ ማለት ነው።

ካውያውን ቶሎ አነሣሁ። ወዲያው መብራት ጠፋ። በጨለመው ሱቅ ውስጥ ከኋላዬ አንድ ሰው በቀስታ "ገና ነው" ያለኝ መሰለኝ፤ ዞር ለማለት አልደፈርሁም።

ባሕር ዳር ላሉ ጠጋኞች ልላከው ብዬ እናቴን ጠየቅኋት። ያን ጊዜ ብቻ ነው ከግድግዳው ፊቷን ያዞረችው። "ልጄ በዚያ መንገድ ሄዶ የተመለሰልኝ ስልኩ ብቻ ነው። እሱም አይሄድም" አለች።

መሕቡብ ዘንድ ሄድሁ። መሕቡብ ራዲዮ፣ ባትሪና ሶላር የሚሸጥ የተክሌ ባልንጀራ ነው፤ ለለቅሶው ድንኳኑን የተከለው እሱ ነበር። "ቶሎ የሚግል ካውያ አምጣልኝ" አልሁት።

"ያንን አሮጌ ልትጥይው ነው?"

"ልጥለው አይደለም። ምረጥልኝ አልሁህ እንጂ ጠይቀኝ አልሁህ?"

ከመደርደሪያው ሁለት ስቴሽን አወረደልኝ። ስቴሽን የምንለው ካውያው ከሙቀት መቆጣጠሪያ ሣጥኑ ጋር ሲመጣ ነው። አንደኛው ትልቅ፣ ቁጥሩ ከደጅ የሚነበብ፣ ሁለት ሦስት መዞሪያ ያለው ጌጠኛ ነው። ሁለተኛው በእጅ መዳፍ የሚያዝ ትንሽ ሣጥን ሆኖ ካውያው እንደ እስክሪብቶ ቀጭን ነው።

"ትልቁን ውሰጂ። ሰው ሁሉ የሚወስደው እሱን ነው።"

"ሰው ሁሉ የወንድሙን ድምፅ አያወጣበትም" አልሁትና መሞከሪያ ይሆነኛል ብዬ የያዝሁትን የሞተ ቦርድ ከቦርሳዬ አወጣሁ። ካውያ በስክሪኑ አይመረጥም፤ ሙቀት በሚጠጣ መዳብ ላይ አስነክቶ ማየት ነው። ትልቁ ጥቂት ቆይቶ ሦስት መቶ ሃምሳ ዲግሪ አለ። ጫፉን አሳረፍሁት። ስታኞው እንደ ጭቃ ያዘውና ቀረ፤ ቁጥሩ ግን አሁንም ሦስት መቶ ሃምሳ ነው።

"ማሽንህ ይዋሻል" አልሁት።

"ማሽን ደግሞ ይዋሻል እንዴ?"

"ጫፉ በርዷል፤ እሱ አልሰማም። የሚለካው ከጫፉ ርቆ ነው።"

ትንሹን አነሣሁ። የዚህኛው ማሞቂያ ከጫፉ ውስጥ ነው። እንደ ልማዴ "በስመ አብ" ብዬ ጀመርሁ፤ "ወወልድ" ስል የስታኞው ጢስ ወጣ። መዳቡ ላይ ባሳርፈውም ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ወዲያው ተመለሰ፤ ክዳኑ በአንድ ንክኪ ለቀቀ፤ ከሥሩ ያስያዝሁት ጣቴም አልተቃጠለም። መሕቡብ ቀናና "በይ ደግሞ በእኔ ይሞከር" ብሎ ቢስሚላህ ሲል ለእሱም እንዲያው ጋለለት። ሁለታችንም ሳቅን።

"ግን ጫፉ ሲሞት ማሞቂያውም አብሮ ይሞታል፤ ትርፍ ጫፍ ከሌለህ አልወስደውም" አልሁት። እያጉረመረመ ካርቶን ሁሉ አገላብጦ ፈልጎ አገኘልኝ።

ዕቃውን እየጠቀለለ "ተክሌ ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር?" አለኝ።

"የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።"

መሕቡብ ገመዱን ማሰር ትቶ ቆመ። እኔም ዕቃዬን አቅፌ ቶሎ ወጣሁ፤ እዚያ ባለቅስ ሌላ ለቅሶ መክፈት ነበር።

ሱቄ ገብቼ የተክሌን ካውያ በጨርቅ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትሁት። አዲሱን በቦታው አደረግሁ። ይህ ስቴሽን ካውያው ማስቀመጫው ላይ ሲቀመጥ ይተኛል፣ ሲነሣ ይነቃል። ቦርዱን ከአጉሊ መነጽሩ ሥር ሳስተካክል፣ ሁለቱም እጆቼ ቦርዱ ላይ ሳሉ፣ ስቴሽኑ ነቃ። ቁጥሩ መቶ፣ ሁለት መቶ፣ ሦስት መቶ እያለ ወጣ። ካውያው ከማስቀመጫው ንቅንቅ አላለም። ጥቂት ቆየና ተመልሶ ተኛ።

የማስቀመጫው ሽቦ ቢላላ እንዲህ ያደርጋል። ደንበኛ ቢጠይቀኝ እንዲያው ነው የምለው፤ ሽቦውንም አጠበቅሁት። ቀና ስል እንደገና ነቃ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በደጃፌ እየተላለፈ፣ ፀጉሬ ቆመ።

"ተክሌ፣ እባክህ አትንካብኝ" አልሁ ድምፄን አውጥቼ። "አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምችለው።"

ተኛ። ካውያውን አነሣሁና በስመ አብ አልሁ። ክዳኑ ለቀቀ። የጤፍ ፍሬ የምታህለውን ነገር ነካኋት፤ ተነሥታ ጫፉ ላይ ተጣበቀች። ጣቴን ድምፁን በያዘችው ቺፕ ላይ አሳረፍሁ። ለብ ከማለት አላለፈችም። ዝገቱን አጥቤ፣ አድርቄ፣ ባትሪውን ስገጥም ስልኩ በራ።

እዚያው ከፍቼ መስማት እችል ነበር። አልሰማሁትም። ድምፁ የእናቴ ነው፤ ሰዓቱም ማለዳ ነው። ስልኩን ወስጄ ከመደቡ ራስጌ አኖርሁትና እኔም እናቴ ጎን አደርሁ። ምንም አልነገርኋት፤ ድምፁ ሳይመጣ ቢቀር የሚሆነውን ፈርቼ ነው።

ሊነጋጋ ሲል ከመደቡ ላይ መጣ።

"እማ፣ ተነሽ። ኪዳን ሊደርስ ነው።"

እናቴ ብድግ ብላ ተቀመጠች። እጄን አጥብቃ ያዘችኝ። ድሮ ተክሌ በዚህ ላይ ይዘጋው ነበር፤ ባለፈውም ጸበሉ ያቆመው በዚህ ላይ ነው። ዛሬ የሚዘጋው ስላልነበረ ድምፁ ቀጠለ። ከድምፁ ጀርባ የመናኸሪያው አውቶቡስ ጡሩምባ ተሰማ። ከዚያ ከሩቅ አንዲት ብስጩ ሴት "ጋለ ወይ?" አለች። እኔ ነኝ።

"ገና ነው" አለ ተክሌ፣ ሳቁን አፍኖ።

ይህን የቀዳው ሱቅ ውስጥ፣ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼው ስጨቃጨቅ፣ ካውያው እስኪግል ነው። ያን ዘመን ይህ በስመ አብ ሳይባል የሚግለው ዕቃ ቢኖረን ኖሮ የምንጠብቀው ነገር አይኖርም ነበር። ተክሌም አጎንብሶ ይሠራል እንጂ ለእናቱ ድምፁን የሚቀዳበት ጊዜ አያገኝም። ጉልበቴን አቅፌ አለቀስሁ። በቀብሩ ቀን እንኳ እንዲያ አላለቀስሁም።

ድምፁ ከመጀመሪያው ጀመረ። "እማ፣ ተነሽ።"

"እሺ ልጄ፣ ተነሣሁ" አለች እናቴ። ነጠላዋን አጣፍታ ለበሰች፤ መቋሚያዋን ከግድግዳው አነሣች። በሩ ላይ ስትደርስ ዘወር ብላ "አትዝጊው፤ ይጨርስ" አለችኝና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣች።

አልዘጋሁትም። ራሱ እስኪያቆም ድረስ ስጠይቀውና ሲመልስልኝ ሰማሁ። ከዚያ ወደ ሱቄ ወረድሁ። አዲሱ ስቴሽን ጠረጴዛው ላይ እንደተኛ ነው። መሳቢያውን ከፍቼ የተክሌን ካውያ ከጨርቁ ፈታሁና ሰካሁት። የምሠራበት ሥራ አልነበረኝም። አጠገቡ ቁጭ ብዬ እስኪግል ጠበቅሁ።