የላይኛው ክፍል ወንበር

አስካል እንግሊዝኛ ስትማር ከግስ ይልቅ ስም ይቀላታል። ስም ጨዋ ነው፤ ካስቀመጡት ቦታ አይነቃነቅም። ትራስ ትራስ ነው፣ ፎጣም ፎጣ። ግስ ግን እንደ ልጇ እንደ ሊድያ ነው፤ ዞር ብለው ሲመለሱ ሌላ ልብስ ለብሶ ይጠብቃል። ስለዚህ ዳውንታውን በምትሠራበት ሆቴል አልጋ ባነጠፈች ቁጥር «አነጥፋለሁ፣ አነጠፍኩ፣ አንጥፌያለሁ» እያለች በእንግሊዝኛ ታነበንባለች። አንድ ቀን ማንኳኳቷን ያልሰማ እንግዳ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ኖሮ፣ «ነገ አነጥፋለሁ» ስትል ፎጣውን እንደታጠቀ ብቅ አለና «ዛሬስ?» አላት።

የምትማረው ምሥራቅ ላስ ቬጋስ፣ ጠዋት ጠዋት፣ ሥራ ከመግባቷ በፊት ነው። አገር ቤት ትምህርቷን ከአራተኛ ክፍል ስላቋረጠች ደብተር ይዛ መቀመጡ ራሱ መጀመሪያ ላይ አሳፍሯት ነበር። አጠገቧ የምትቀመጠው ማርየከ የምትባል የሆላንድ ሴት ናት። አስካል ፈረንጅ ሁሉ እንግሊዝኛ ይዞ የሚወለድ ይመስላት ስለነበር በማርየከ መቸገር በጣም ተገረመች። የማርየከ ቋንቋ ለእንግሊዝኛ የአጎት ልጅ ቢጤ ነውና ስሞቹን ግማሹን ሳትማር ታውቃቸዋለች፤ የግስ ጊዜ ላይ ስትደርስ ግን ትሰናከላለች። «ላስ ቬጋስ ሁለት ዓመት እኖራለሁ» ስትል አስካል በሹክሹክታ «ኖሬያለሁ በይ» ትላታለች። አስካል በፈንታዋ ቅጽሉን ከተውሳከ ግስ ስታምታታ የማርየከ ክርን ጎኗን ይጎስማታል። እንዲህ እየተጎሳሰሙ ከክፍሉ የተሻሉት እነሱ ሆኑ።

ችግሩ የመጣው ሰዓት ሲቀየር ነው። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የእነሱ ክፍል ከሰዓት በኋላ ይሆናል ተባለ። ያ ደግሞ የአስካል ሺፍት ነው። ጠዋት የሚቀረው የላይኛው ክፍል ብቻ ነበር፤ እዚያም ያለው አንድ ባዶ ወንበር ነው። እሱን ካላገኘች ትምህርቷ እዚህ ላይ ያበቃል። ይህ እንዳይሆን የምትጨነቅበት ምክንያት ነበራት። ሊድያ ትምህርት ቤት ወላጆች በተጠሩ ጊዜ መምህሯ ግንባሯን ቋጥራ ብዙ ተናገረች፤ ሊድያም ተረጋግታ «ጎበዝ ናት እያለች ነው» ብላ ተረጎመች። አስካል ያን ግንባር አልረሳችውም።

መምህራቸው ሚስ ግሎርያ ክፍሉ ፊት መጀመሪያ የጠየቀችው አስካልን ነው። ወደ ላይኛው ክፍል ማለፍ ትፈልጊያለሽ? አለቻት። የአስካል ልብ ዘለለ። አፏ ግን እናቷ ያስተማረቻትን ተናገረ፦ «ኧረ የለም፣ አመሰግናለሁ። ለሌላ ሰው ይሁን።»

ከዚያ አንገቷን ደፍታ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቀች። ባደገችበት ቤት ገና ሲሰጡት የሚቀበል ስግብግብ ነው፤ ደህና ሰው ይግደረደራል፣ ሰጪውም «በሞቴ» ይላል፣ ከዚያ ይቀበሉታል። ሚስ ግሎርያ «እሺ፣ ችግር የለም» አለችና ወደ ማርየከ ዞረች።

«አዎ» አለች ማርየከ፣ ጥያቄው ሳያልቅ። «እፈልገዋለሁ።»

ባሏ ደግፌ የካዚኖ ጥበቃ ነው፤ በመኪና ሥራ ሲያደርሳት ነገሩን ነገረችው። መብራት ይዞት ስለነበር እስኪበቃው ሳቀ።

«በሞቴ እስክትልሽ ጠበቅሽ?»

«ምን ላድርግ ታዲያ፣ ልንጠቅ?»

እሱም አዲስ እንደገባ አለቃው ኦቨርታይም ትፈልጋለህ ቢለው አይ ይቅር እንዳለ፣ ሰውየውም ቃሉን አክብሮ ወደ ቤቱ እንደሰደደው አወራላት። ከዚያ ሳቁን ተወና «አስኩዬ፣ ነገ ሄደሽ ንገሪያት» አላት። አስካል በፍጹም አለች። ትናንት አልፈልግም ያለ ሰው ዛሬ ፈለግሁ ቢል ምን ይባላል? ያን ቀን አንዱን ትራስ ሁለት ልብስ አለበሰችው።

በማግስቱ ክፍሉ በር ላይ ያገኘችው ማርየከን ነበር። አሞሻል ወይ ብትላት እውነቱን ነገረቻት። ማርየከ ነገሩ አልገባትም።

«ከፈለግሽ ለምን አልፈልግም አልሽ?»

አስካል «እናቴ ቤት…» ብላ ጀመረች፤ ማርየከ ግን አላስጨረሰቻትም።

«ወንበሩን አልሰጥሽም፤ እኔም እፈልገዋለሁ» አለች ማርየከ። «መጠየቅ ግን በነጻ ነው። ነይ።» ክንዷን ይዛ ወደ ሚስ ግሎርያ ጎተተቻት።

አስካል ለደግፌ በፍጹም ብትለውም ሌሊቱን ያዘጋጀችው ዓረፍተ ነገር ነበራት፤ እሱም ጠፋባት። ስለዚህ ያለዝግጅት ጀመረች። «ትናንት የለም አልኩ። እውነት አልነበረም። ሁለተኛ እስኪጠይቁኝ ጠብቄ ነበር።» ሚስ ግሎርያ ለምን? አለቻት። አስካልም እናቷ ቤት እንግዳ ሲመጣ እንዴት እንደሚባል፣ እንግዳው እንዴት እንደሚግደረደር፣ አንድ ጊዜ አክስቷ ሲለምኗት ውላ ተርባ እንደሄደች፣ እንግዳ ሳይበላ ከሄደም የሚያፍረው ሰጪው እንጂ ተቀባዩ እንዳልሆነ ተረከች። ግሶቹ አንዳንዶቹ ተሳስተው ወጡ፤ ብዙዎቹ ግን በየጊዜያቸው ገቡ። ሚስ ግሎርያ ሳቀች። ስንት ተማሪ እንዲህ አምልጦኝ ይሆን? አለች ለራሷ ያህል። ከዚያ ወንበሩ የማርየከ እንደሆነ፣ ክፍሉም እንደሞላ፣ የሚወስነው የላይኛው ክፍል መምህር ሚስተር ኖርማን ብቻ እንደሆነ ነገረቻትና አብራት ሄደች።

ሚስተር ኖርማን ሽማግሌ ናቸው። ጉዳዩን ሰምተው ክፍላቸውን በዓይናቸው ዞሩት። ጠረጴዛ የለም አሉ። ያለው ከማተሚያ ማሽኑ ጎን የተጣለች በርጩማ ናት፤ ማሽኑ ይጮኻል፣ ደብተሩንም ጉልበት ላይ አድርጎ መጻፍ ነው። «ትንሽ አይመችም፤ ምናልባት ከፈለግሽ—»

«አዎ» አለች አስካል። «እፈልጋለሁ። ሰኞ እመጣለሁ።»

ሚስተር ኖርማን ቅንድባቸውን አነሡ፤ ተከትላቸው የመጣችው ማርየከ ከበሩ ላይ አጨበጨበች።

አስካል ፊቷ እየጋለ ወደ ግቢው ወጣች። ሰውየውን እኮ አቋረጥኳቸው፣ ሆዳም መሰልኳቸው ይሆን? ብላ ተጨነቀች። ጭንቀቱ ግን አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ እንኳ አልዘለቀም።