በዳስተር የተለማመድነው ስልክ

ሁለት ጎረምሶች ፊት ለፊት አስቀምጣችሁ «በሉ በስፓኒሽ አውሩ» ብትሏቸው፣ ወይ ይስቃሉ ወይ ጫማቸውን ያያሉ። ይህን እስካውቅ ድረስ ብዙ ጉሮሮዬ ደርቋል። በመጨረሻ ሁለት ወንበር ጀርባ ለጀርባ አዞርኩና የስልክ ጨዋታ ጀመርን። አንደኛው ስልክ ከጸሐፊዋ ቢሮ የተጣለ፣ ገመዱ የተበጠሰ ነው። ሌላ ስለጠፋ ሁለተኛው የሰሌዳው ዳስተር ሆነ። በዳስተሩ ያወራ ሁሉ ጉንጩ ነጭ ሆኖ ይነሳል። ሕጋችን አንድ ብቻ ነው፤ «ቴ ኤስፔሮ»፣ እጠብቅሃለሁ ማለት ነው፣ ሳይባል ስልክ አይዘጋም። ቧንቧ ሠራተኛ የጠራም፣ ከፍቅረኛው የተጣላም፣ መዝጊያው ያው ነው።

በዚህ ጨዋታ የነገሠው ሬዲዮ ነበር። ስሙን ያወጡለት ጓደኞቹ ናቸው፤ አፉ አያርፍም። ጭምቷ የምንላት ልጅ ግን ዳስተሩን ነክታው አታውቅም። የጽሑፍ ፈተና ሲሆን ክፍሉን ሁሉ ትበልጣለች፤ ተናገሪ ሲሏት አንገቷን ትደፋለች። አንዳንዴ እንዲያውም ትከሻዋን ይዤ ልነቀንቃት ይቃጣኝ ነበር።

አንድ ቀን ሌሎቹ ሲወጡ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቀረች።

«ቲቸር፣ የእውነት ስልክ መደወል ብፈልግስ?»

«ለማን?»

«እናቴ ለምትጦራቸው ሴትዮ።»

እናቷ የሄደችው የልጅቷ የወተት ጥርስ ሳይነቀል ነው። ስፓኒሽ በሚነገርበት አገር አንዲት አሮጊት ትጦራለች፤ ልጅቷን ያሳደገቻት አክስቷ ናት። መቼ ነው የምትመጪው ስትባል የእናትየዋ መልስ ሁሌ አንድ ነው፤ «ሴትዮዋ አትለቀኝም።» አሁን ምረቃ ደርሷል። ጭምቷ ስፓኒሽ የተማረችው ለዚህ ኖሯል፤ ሴትዮዋን ራሷ ልትለምናት።

 አሮጊቷን እዚያው ጠመድኳት። የልጅ እናት ይዞ አልለቅም ማለት ምን የሚሉት ጭካኔ ነው?

ልጅቷን አስፈቅጄ ለክፍሉ ነገርኩ። ከዚያ በኋላ ጨዋታችን ሌላ ሆነ፤ ሁሉም በየተራ ክፉዋ አሮጊት እየሆነ ይፈትናት ጀመር። አንዷ «መድኃኒቴን ማን ይሰጠኛል?» እያለች ታለቅሳለች። ሌላው «አይሆንም!» ብሎ ያንባርቃል። ሬዲዮ ሻርፕ ተከናንቦ እያሳለ «አልሰማም! ምን? አልሰማም!» ይላል። መጀመሪያ ላይ ድምፅዋ እንኳ አይወጣም ነበር። አንድ ቀን ግን ሬዲዮ ንግግሯን ሳትጨርስ፣ ቴ ኤስፔሮ ሳይል፣ ስልኩን ጠረቀመባት። ብድግ ብላ ዳስተሩን ወረወረችበት። «ሕጉን ጥሰሃል! መልሰህ አንሳው!» አለች፣ በጠራ ስፓኒሽ። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ሬዲዮ ጭንቅላቱን እያሻሸ ስልኩን መልሶ አነሳ።

የደወልነው እናትየዋ ገበያ በምትሄድበት ሰዓት ነው። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ድምፁን ከፈትኩት። ሬዲዮ አፉን በእጁ ያዘ።

«ማን ልበል?» አለ ቀጭን ድምፅ።

ጭምቷ ማን መሆኗን ተናገረች።

«ልጅቷ! ድምፅሽ እንዴት እናትሽን ይመስላል!»

«እባክዎን» አለች፣ «እናቴ ለምረቃዬ እንድትመጣ ይፍቀዱላት።» አንድም ቦታ አልተደናቀፈችም። እኔ ከንፈሬን አብሬያት አንቀሳቅስ ነበር።

ሴትዮዋ ቀስ ብለው ያስረዱ ጀመር። ከዚያ ወዲያ «እሷ» ልላቸው አፌ አልታዘዘኝም።

«ልጄ፣ እኔ እኮ ሂጂ እላታለሁ። በየዓመቱ። እሺ ትልና ሻንጣዋን ከቁም ሳጥኑ ላይ ታወርዳለች። ጥቂት ልብስ ትከትበታለች። ከዚያ መልሳ ትሰቅለዋለች። ትፈራለች።»

«ምኑን?»

«አንቺን ነዋ። ልጄ እንደ እንግዳ ሰው ብታየኝስ ትላለች።»

ለስንቱ ክፋት ተዘጋጅተን ነበር፤ ይህን ግን ማናችንም አልተለማመድነውም። ልጆቹ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ ጭምቷ ዞርኩ። በስልኩ ውስጥ በር ሲከፈት ተሰማ። «መጣች፣ ላቅርብልሽ» አሉ ሴትዮዋ።

«ሃሎ? ማነው?» አለች እናትየዋ። ሴትዮዋ ልጇ መሆኗን ሲነግሯት ደነገጠች። «ምን ሆንሽብኝ? አክስትሽ ደህና አይደለችም?»

ጭምቷ አንገቷን ደፋች። አለቀልን አልኩ በሆዴ። እሷ ግን ስልኩን አነሳች፣ ወንበሯን አዞረችና ልክ እንደ ጨዋታው ጀርባዋን ሰጠችን።

«ቴ ኤስፔሮ» አለች።

ከዚያ በአማርኛ ቀጠለች።

«እማ፣ ሰምተሽኛል? እጠብቅሻለሁ። የማላውቅሽ ከሆነም እንተዋወቃለን።»

ከወዲያ ማዶ ለቅሶ ብቻ ይሰማ ነበር። ከኋላ ሴትዮዋ «መልሽላት እንጂ!» እያሉ ይቆጣሉ። ሬዲዮ ዕንባውን ዳስተር በነካ እጁ ጠርጎ ፊቱን በሙሉ ነጭ አድርጎታል፤ የሳቀበት ግን የለም። በሕጋችን ቴ ኤስፔሮ ከተባለ ስልኩ መዘጋት ነበረበት፤ እንዲዘጋ የፈለገም የለም።

«ፀጉርሽን ማን ነው የሚሠራሽ?» አለች እናትየዋ በመጨረሻ፣ አፍንጫዋን እየሳበች።

«አክስቴ።»

«ለምረቃሽ ማንም እንዳይነካብኝ። እኔ ነኝ የምሠራሽ።»