የጀልባ ፊልትሮ ለሽንኩርት ማሳ

«ዓይኔን ሸፍኜ ኦርጅናሉን ከፎርጅዱ በአፍንጫዬ ካልለየሁ ነዒማ አልባልም!»

ሳሊም ባጃጁን ሱቁ ደጃፍ ላይ አቁሞ ካንዴላ ሊገዛ ነበር የገባው። አሁን ግን ሳያስበው ዳኛ ሆኗል። ነዒማ የሻሿን ጫፍ ዓይኖቿ ላይ ሸብ አድርጋ እጆቿን ዘረጋች። በአንዱ እጇ አንድ የአየር ፊልትሮ፣ በሌላው ሌላ አስቀመጠላት። ሁለቱንም መዘነቻቸው፤ የወረቀቱን እጥፋት በጥፍሯ ጫር ጫር አደረገች፤ ከዚያ ጎማውን አሸተተች።

«ይኼ ያረጀ ነጠላ ጫማ ነው የሚሸተው፤ ፎርጅድ! ይኼኛው ኦርጅናል። ወረቀቱ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ሙጫው አልተዝረከረከም።»

ልክ ነበረች። የሚያናድደውም ይኼው ነው። ሰባተኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን አቁማ የአጎቷ የአብዱረሂም መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ መዋል ከጀመረች ወዲህ፣ የሸዋ ሮቢት መካኒክ ሁሉ እሷን ሳይጠይቅ ዕቃ አይገዛም። ቢያንስ እሷ የምትለው እንደዚያ ነው።

ሻሹን ሳትፈታ ስልኳ ጮኸ።

«ነዒማ! ያ ጀልባሽ ሰጠመ!»

እትዬ ሙሀባ ናቸው። ቀወት ውስጥ፣ ከቦዩ ዳር ሽንኩርት የሚያለሙ ሴት። ትናንት ለውሃ መሳቢያ ሞተራቸው የአየር ፊልትሮ ሊገዙ መጥተው፣ ካርቶኑ ላይ ጀልባ ተስሎ ቢያዩ ደንግጠው ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ የኔ ሞተር እኮ ሽንኩርት መሀል ነው የተቀመጠው» ብለው ነበር።

ነዒማ መቼ አፏን ይይዛታል! «እትዬ፣ ይኼ ሞተር በሌላ አገር ጀልባ ላይ ነው የሚታሰረው። ባለጀልባ ደግሞ ፊልትሮ ሲገዛ አይቀልድም። ባሕር መሀል ሞተር ቢጠፋ ወርዶ የሚገፋ አለ? ባለጀልባ ያመነውን እርስዎ ዓይንዎን ጨፍነው ይውሰዱት» ብላ፣ ምክሩንም ምርቃቱንም ጨምራ ነበር የሸኘቻቸው።

አሁን በስልኩ ውስጥ ይጮኻሉ። «ጠዋት ገጠምኩት። ተነሳ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ቀጥ አለ። ደግሜ ባስነሳው ያው ነው። ተራዬ እስከ ቀትሩ የዙሁር ሶላት ነው፤ አዛኑ ከተሰማ የውሃ አባቱ ከቢር ውሃውን ለጎረቤት ይሰጡብኛል። በሚቀጥለው ሳምንት ነው እንግዲህ የሚደርሰኝ። ሽንኩርቱ ደግሞ በዚህ ፀሐይ ሳምንት አይጠብቀኝም።»

«አሮጌውን መልሰው ቢገጥሙትስ?»

«‹አሮጌውን ይጣሉት› ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ? ምድጃ ውስጥ ጣልኩት!»

አጎቷ ዕቃ ሊያመጣ ደብረ ሲና ወጥቷል። ነዒማ ፒንሳና ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ሻንጣዋ ውስጥ ወርውራ፣ ሱቁን ዘግታ የሳሊም ባጃጅ ላይ ወጣች።

ባጃጁ ከአስፋልቱ ወጥቶ የገጠሩን መንገድ ሲይዝ አቧራው እንደ ዱቄት ተነሳ። ነዒማ አፍንጫዋን በሻሿ ያዘች።

«ስሚ እስቲ» አለ ሳሊም ከፊት ሆኖ፤ «ባሕር ላይ አቧራ አለ እንዴ?»

«ምን?»

«የጀልባ ነው አላልሽም? ባሕር ላይ ያለው ውሃ ነው። የኛ አገር አየር ደግሞ ይኸው፣ ግማሹ አፈር ነው። ምናልባት አቧራ አይችል ይሆናላ።»

ነዒማ ይኼን አስባው አታውቅም። ወረቀቱን ቆጥራ፣ ጎማውን አሽትታ፣ ሙጫውን መርምራ፣ አቧራውን ረሳችው! የእትዬ ሙሀባ ሽንኩርት ቅጠሉ ተልፈስፍሶ ትልሙ ላይ ሲተኛ ታያት። ማን መከራቸው? ነዒማ። ማን አሮጌውን አስጣላቸው? ነዒማ።

«ንዳው!» አለች። «ማሰብህን ትተህ ንዳው!»

ማሳው ጋ ሲደርሱ ፀሐይ አናት ላይ ልትወጣ ምንም አልቀራትም። እትዬ ሙሀባ ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ሸጉጠው፣ እጃቸው በናፍጣ ጠቁሮ ሞተሩ አጠገብ ቁጢጥ ብለዋል። ራቅ ብሎ የውሃ አባቱ ከቢር አካፋቸውን ተደግፈው ዛፍ ጥላ ሥር ቆመዋል። የቦዩን ተራ የሚያከፋፍሉት እሳቸው ናቸው፤ በተራ ጉዳይ የገዛ ወንድማቸውንም አያውቁም ይባላል።

«አባባ ከቢር፣ ትንሽ ይታገሡን» አለች ነዒማ ገና ከባጃጁ ሳትወርድ።

«አዛን የሚለው እኔ ነኝ?» አሉ ከቢር።

ነዒማ ሞተሩ ላይ ተደፋች። ቢስሚላህ ብላ የፊልትሮውን ክዳን የያዘውን ቡሎን በፒንሳ ፈታችው። ወረቀቱ በአፈር ተደፍኖ ካገኘችው አለቀላት።

ክዳኑን አነሳች። ውስጡ የሆነ ነገር ብልጭ አለ።

ጎንበስ ብላ አየችው። ፊልትሮው ከነላስቲኩ ነው! ከፋብሪካ እንደወጣ፣ ከላይ እስከ ታች ተጠቅልሎ፤ ሞተሩ አየር ፍለጋ ሲስበው ላስቲኩ እንደ ረሃብተኛ ጉንጭ ወደ ውስጥ ገብቷል።

«እትዬ… ላስቲኩን አላወጡትም?»

«ለምን አወጣዋለሁ?»

«ያ ረቢ! በምን ይተንፍስ ታዲያ?»

«ትናንት ምን አልሽኝ?» እትዬ ሙሀባ ብድግ አሉ። «‹እትዬ፣ ይኼን አቧራ እንዳይነካው፣ እንደ ዓይንዎ ብሌን ይጠብቁት› አላልሽም? ጠበቅኩታ! የቴሌቪዥኔ ሪሞት ከተገዛ ጀምሮ ከነላስቲኩ ነው፤ አንድ ቁጥር አልጠፋበትም። ሶፋዬም ከነላስቲኩ ነው። ይኼን ምን ለየው?»

«እስኪገጠም ድረስ ማለቴ ነበር እኮ!»

«‹እስኪገጠም› የሚባል ነገር ካፍሽ አልወጣም!»

እውነት ነው፤ አልወጣም። ነዒማ ደረቁ ትልም ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ሳቅ መጣባት፤ እንባ የቀላቀለ፣ የማይቆም ሳቅ። ፊልትሮው ጤነኛ ነው። ባለጀልባዎቹም አልተሳሳቱም። ላስቲኩን በጥርሷ ቀድዳ ላጠችው፤ የወረቀቱን እጥፋት አንድ በአንድ ዳሰሰችው። አልተቀደደም፤ አልተጨማደደም። መልሳ ገጥማ ክዳኑን አሰረችው።

«ሳሊም፣ ሳበው!»

ሳሊም ገመዱን ሳበ። ሞተሩ አንዴ ሳል፣ አንዴ ጥቁር ጭስ፣ ከዚያ ደግሞ ዝም። እትዬ ሙሀባ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሳሊም ምራቁን መዳፉ ላይ እንትፍ ብሎ ደግሞ ሳበ።

ያዘ!

ቱቦው እንደ እባብ ተወራጨ፤ መጀመሪያ አየር፣ ቀጥሎ ጭቃ፣ ከዚያ ውሃውን ዱብ ዱብ እያደረገ ተፋው። ደረቁ አፈር ሲጠጣ ይሰማል።

«አልሀምዱሊላህ! አልሀምዱሊላህ!» እትዬ ሙሀባ በባዶ እግራቸው ጭቃው ውስጥ ገብተው የትልሙን አፍ መክፈት ጀመሩ።

ገና ማሳው ሳይጋመስ ግን ከመስጊዱ በኩል አዛን ተሰማ። ሁሉም ወደ ከቢር ዞሩ። ሽማግሌው አካፋቸውን ዛፉ ላይ አስደገፉ። ከቦዩ ዳር ተቀምጠው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ ውዱእ ማድረግ ጀመሩ፤ እጃቸውን ቀስ ብለው፣ ፊታቸውን ቀስ ብለው፣ እግራቸውን ደግሞ ከሁሉም ቀስ ብለው።

«ሰግጄ እስክመለስ ቦዩን የሚዘጋ የለም» አሉ ማንንም ሳያዩ። «መስጊዱም ሩቅ ነው።»

መስጊዱ ሩቅ አልነበረም።

ከቢር ተመልሰው አካፋቸውን ሲያነሡ ውሃው መጨረሻው ትልም ላይ ደርሶ ነበር። ነዒማ ለምሽቱ የምታወራው ወሬ ከወዲሁ አፏ ውስጥ ተሰልፏል። የተላጠውን ላስቲክ አጣጥፋ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችና ደረቷን ነፋች።

«ከዛሬ ጀምሮ ላስቲኩን በእጄ ሳልልጥ፣ አገጣጠሙንም ሳላሳይ ለማንም ፊልትሮ አልሸጥም። ግን እትዬ፣ እውነቱን ይናገሩ፤ ፊልትሮው ኦርጅናል አይደለም?»

እትዬ ሙሀባ ከጭቃው ሳይወጡ ቀና አሉ።

«ፊልትሮውስ ኦርጅናል ነው። አንዱን ደግሞ አፍሽ ላይ ግጠሚው፤ ያገራችን አቧራ ሁሉ የሚወጣው ከዚያ ነው።»