ማዳሟን እኔ ልሁን

ለፊልሜ የቤት ሠራተኛዋን ሆና የምትጫወት ስፈልግ፣ ሁሉም «ከአዲስ አበባ ዝነኛ ተዋናይት አስመጪ፤ አለዚያ ማን ያይልሻል?» እያሉ ነዘነዙኝ። እኔ ደግሞ ግትር ነኝ። እዚሁ ጅቡቲ፣ ሆዳን ሰፈር፣ ዘጠኝ ዓመት በሰው ቤት የሠራችውን እንቁን መረጥኩ። ትወና ባትማርም ኑሮውን ታውቀዋለች ብዬ ነው።

እንቁ ግን ሳቀችብኝ።

«እትዬ ጸደንያ፣ እናቴ እኮ ቢሮ የምሠራ ነው የሚመስላት። ፊልሙ አገር ቤት ሲታይ መጥረጊያ ይዤ ትየኝ? ዝነኛዋ ትጥረግ፤ የእሷ እናት የምር አይመስላቸውም። ማዳሟን እኔ ልሁን።»

በገንኩ። ግን የማዳሟን ቦታ ሰጠኋት። ዝነኛዋን አስመጣሁ።

በቀረጻው ቀን እንቁ ሶፋው ላይ ተንሰራፍታ ተቀመጠች። ዝነኛዋ ሽርጥ አገልድማ ሻይ አቀረበችላት። በድርሰቱ እንቁ «ቀዝቅዟል!» ብላ መጮህ ነበረባት። እሷ ግን ብርጭቆውን ተቀብላ ሠራተኛዋን ቀና ብላ አየቻት።

«ለእናትሽ ደወልሽ?» አለቻት።

ይህን ማንም አልጻፈውም። ዝነኛዋ ግራ ገብቷት «አልደወልኩም» አለች።

«ዛሬውኑ ደውዪ» አለች እንቁ። «እየቆየ ሲሄድ ያስፈራል።»