የሙከራ ወጪ

ትህትና «ላክ» የሚለውን ከነካች በኋላ ነው መልእክቱ ወደ አባላቱ እንዳይሄድ የሚያግደው የሙከራ ቁልፍ አለመብራቱን ያየችው። ወዲያው የገዛ ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። መልእክቱን ራሷ ስለጻፈችው ሳታነበውም ታውቀዋለች፤ ግን አነበበችው። «ወንድማችን አቶ ቅጣው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። የእድራችን አባላት በቶሎ ድረሱ።» ትናንት፣ የስሙን ቦታ ባዶ ትታ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር ስታሳምር ኮርታበት ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በበጀት ነው። የመሐል ሜዳው እድር የቀብር ጥሪ የሚያደርስ የስልክ መተግበሪያ ለማሠራት አስቦ፣ ምን ያህል እንደሚያስወጣ አጥንታ እንድታቀርብ የኮምፒውተር አስተማሪዋን ትህትናን ወከላት። አብሯት የተማረውና አዲስ አበባ መተግበሪያ የሚሠራው በኃይሉ፣ ለመሥሪያ ይህን ያህል፣ ለሰርቨር፣ ለአጭር መልእክት፣ ለዓመት ጥገና፣ ለሙከራ እያለ ዘርዝሮ ላከላት። የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ገብረ አማኑኤል ድምሩን ሲያዩ መነጽራቸውን አወለቁ። በዚህ ገንዘብ አዲስ ድንኳን ከነወንበሩ እንደሚገዛ፣ ካልቀነሰችው ጉባኤ ፊት ይዘውት እንደማይቆሙ ነገሯት። ሰርቨር አይቀነስም፤ መልእክትም አይቀነስም። ለሙከራ የተያዘውን ሰረዘችው። በኃይሉ ሙከራ በእውነተኛ ሰው ስምና ስልክ እንደማይደረግ፣ ራሱን የቻለ ሥራ እንደሆነ ቢያስረዳትም፣ መነካካቱን እኔም አላጣው ብላ ዘጋችው። የተማረ ሰው ሲደፍር እንዲህ ነው።

ዛሬ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ለነገው ጉባኤ እንድታሳየው በኃይሉ የላከላትን ናሙና ከፈተች። መተግበሪያው የሟቹን ስም ከአባላቱ መካከል እንድትመርጥ ጠየቃት። የአባላቱን ስምና ስልክ ያስገባችው እሷ ናትና መጀመሪያ የመጣው የራሷ ስም ነበር። ጣቷ ሊነካው ደርሶ ተመለሰ። በገዛ እጅ ሟርት! በስመ አብ ብላ አሳለፈችውና ቀጥሎ ያለውን፣ የአቶ ቅጣውን ነካች፤ «ላክ»ንም አስከተለች።

አሁን ማስተባበያ ጻፈች። ክቡ ዞረ፣ ዞረ፣ አልሄደም። ኔትወርኩ ጠፍቷል፤ መንዝ ላይ ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ መቼ እንደሚመለስ ለማንም አይነግርም። ጋሽ ገብረ አማኑኤል ጋ ብትደውልም ስልኩ ዝም አለ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ይኼኛው ካፍ እንኳ አልወጣም።

አቶ ቅጣው በግ ነጋዴ ናቸው፤ በማለዳ ወደ ራቤል ገበያ ሄደዋል። ሚስታቸው ወይዘሮ ጌታነሽ ስልክ የላቸውም፤ የደም ግፊት ግን አለባቸው። አምና የልጃቸውን መርዶ የሰሙ ዕለት ወድቀው፣ የነቁት ሐኪም ቤት ነው። ሐኪሙም ሁለተኛ እንዲህ ያለ ድንጋጤ እንዳያገኛቸው አስጠንቅቋል። ይህን የማያውቅ እድርተኛ የለም። ትህትና «ሴትዮዋን ገደልኳቸው» አለችና ሹራቧን ሳትደርብ ወጥታ ሮጠች።

ስትደርስ ከአቶ ቅጣው ግቢ ጀርባ፣ ከድንጋዩ ካብ ሥር፣ ወንዶች ተሰብስበው ያንሾካሹካሉ። የድንኳኑ ምሰሶ ሣር ላይ ተጋድሟል። የሚያለቅስ የለም። መርዶ ዘመድ ተሰብስቦ ሊነጋጋ ሲል እንጂ እንዲሁ በቀን አይነገርም፤ እስከዚያ ባለሐዘኗ አንዳች እንዳትጠረጥር ሁሉም ይጠነቀቃል። ትህትና እግዜር ይስጠው አለች ይህን ልማድ፤ ሴትዮዋ ገና አልሰሙም ማለት ነው።

ጋሽ ገብረ አማኑኤልን ክንዳቸውን ይዛ ጎተተቻቸው። «ጋሼ ቅጣው አልሞቱም። ስህተት ነው።»

«ጎሽ፣ እንዲሁ በያት» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዘመድ ከቀየት አገር እስኪደርስ እንዲህ እያልን እናቆያታለን። አስከሬኑን የሚያመጡትን ወደ ራቤል ልከናል።»

«ለማቆያ አይደለም የምልዎት። መልእክቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«መጻፉንማ ጻፍሽ። የነገረሽ ማነው?»

«ማንም አልነገረኝም። ስሞክረው ነው የሄደብኝ።»

ሽማግሌው አፍጥጠው አዩዋት። «ታዲያ ሰውየው ደህና መሆኑን በምን አወቅሽ?» ብለው ጠየቋት። መንገድ ነው፤ ገደል አለ፣ መኪና ይገለበጣል። ክፉ የጻፈች ጣቷ ክፉ የጠራች መሰላት።

ከግቢው ውስጥ የወይዘሮ ጌታነሽ ድምፅ ማን እንደመጣ ጠየቀ። ዝም ቢባል ይብሳል፤ ትህትና ገባች። ወይዘሮ ጌታነሽ ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ባና ለሚባለው ወፍራም ብርድ ልብስ የሚሆን የበግ ጸጉር ይፈትላሉ። ጎረቤታቸው ማናለብሽ አጠገባቸው ተቀምጣ ትባዝታለች፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ አፏ ግን ስለ ገብስ ዋጋ ያወራል። ወይዘሮ ጌታነሽ ቤታቸው ደርሳ የማታውቀው አስተማሪ በመምጣቷ ተደስተው፣ አረፍ እንድትል በርጩማ አመለከቷት። ትህትና በመንገዷ ሁሉ ያዘጋጀችው ነገር ከአፏ አመለጠ።

«እትዬ ጌታነሽ፣ ጋሼ ቅጣው ደህና ናቸው።»

እንዝርቱ ቆመ።

«ማን ታመመ ብሎሽ ነው፣ ልጄ፣ ደህና ነው የምትዪኝ?»

ማናለብሽ አንገቷን ደፋች። ወይዘሮ ጌታነሽ እሷን አዩ፤ ትህትናን አዩ፤ ከካቡ በላይ የሚታየውን የወንዶች ጭንቅላት አዩ። አምናም «ልጅሽ ትንሽ አሞት ነው፣ ደህና ነው» ነበር የተባሉት። እጃቸው ወደ ደረታቸው ሄደ፤ ከንፈራቸው ነጣ።

ትህትና ተንበረከከች። ከዚህ በኋላ የሚያድናቸው ማባበል አይደለም፤ ማባበሉ ነው የሚገድላቸው። ስልኩን ከፍታ መልእክቱን እንዳለ አነበበችላቸው፤ «አርፈዋል» የሚለውንም ሳትዘል። «ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለእድሩ አዲስ ነገር ልሞክር ብዬ። በእግዚአብሔር ስም፣ ሞቱ ብሎ የነገረኝ የለም። ይስደቡኝ፤ ብቻ አይደንግጡብኝ።»

ወይዘሮ ጌታነሽ ማመንም ማልቀስም አቅቷቸው ትንፋሻቸው ይቆራረጥ ጀመር። ማናለብሽ ውኃ አመጣች። ትህትና እጃቸውን ይዛ ተቀመጠች። ይህን ያህል ፈርታ አታውቅም። ዝናብ ያዘለ ደመና ፀሐይዋን ጋረደ፤ ደጃፉ ቀዘቀዘ፤ ጋቢ ደረቡላቸው። ከዚያ ከካቡ ጀርባ የመኪና ድምፅ መጣ፣ ቆመ፣ ወንዶቹም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመሩ።

አቶ ቅጣው አስከሬናቸውን ሊያመጡ ከተላኩት ጋር ነው የገቡት፤ መንገድ ላይ አግኝተዋቸው። ዱላቸውን እንደያዙ ሚስታቸው ፊት ቆሙ።

«ተነሽ እንጂ፤ ሬሳው ርቦታል።»

ወይዘሮ ጌታነሽ ያን ጊዜ አለቀሱ፤ ግቢው ሁሉ አብሮ አለቀሰ፣ ሳቀም። ማናለብሽ ስታቆየው የነበረውን እንባዋን ያላንዳች ሐዘን አፈሰሰችው። ትህትናን ማንም አልተቆጣትም፤ ለዚህም ነው መሄጃ የጠፋት። ልትወጣ ስትል ወይዘሮ ጌታነሽ ጠሯት።

«ለሙከራ ከሆነ የራስሽን ስም ለምን አልጻፍሽም?»

ትህትና ውሸት ፈለገች፤ ግን ለዛሬ በቅቷታል። «ፈርቼ» አለች።

«እኛም እኮ እንፈራለን» አሉ ወይዘሮ ጌታነሽ፣ እንዝርታቸውን እየፈለጉ።

አመሻሽ ላይ ኔትወርኩ ተመለሰ። ማስተባበያው፣ የማያስፈልግበት ሰዓት ላይ፣ ለሁሉም ደረሰ። ትህትና ለነገው ጉባኤ የሚቀርበውን በጀት ከፍታ የሰረዘችውን የሙከራ ወጪ መልሳ ጻፈች። ድምሩ ከፍ አለ፤ ጋሽ ገብረ አማኑኤል መነጽራቸውን ያወልቃሉ፤ ያውልቁ። ከዚያ መተግበሪያውን ከፈተች። የሙከራውን ቁልፍ አበራች፣ መብራቱን ደጋግማ አየች። የሟች ስም ሲላት መጀመሪያ ላይ ያለውን መረጠች፤ ትህትና ቸሩ። ጣቷ አሁንም ፈርቷል። አማተበችና «ላክ»ን ነካች።