ያልተሰማው «አንድም»

የመምህር ደሳለ ጥፋት አንዲት ቃል ናት፤ «አንድም» አለ። በትርጓሜ ቤት «አንድም» የማይል መምህር የለም፤ አንዱን ንባብ በሁለትና በሦስት መንገድ የሚፈቱት በእሷ ነው። ሕግ ግን አለው፤ ከመምህርህ ያልሰማኸውን አትጨምርም። የጨመረ ወንበሩን ይለቃል።

ደሳለ ጨመረ። የሰሎሞንን ቤተ መቅደስ ሲተረጉም ቅድስተ ቅዱሳኑ ላይ ደረሰና የተማረውን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ፣ «አንድም ቅድስተ ቅዱሳን የሰው ልብ ነው፤ መጋረጃውን ገልጠህ ብትገባ የምትፈልገው አምላክ እዚያው አለ» አለ። አንዱ ተማሪ በስልኩ ቀርጾት ኖሮ ወሬው ከደብሩ ከገነተ ማርያም ኩልመስክ ከተማ ለመድረስ ሳምንት አልፈጀበትም። ደግሰው የሚባል ገበሬ ይባስ ብሎ እሑድ ከቅዳሴ ቀረና ሲጠየቅ፣ «ልብህ ውስጥ ነው ብለዋል መምህሩ፤ ዳገቱን ለምን እወጣለሁ?» አለ። ሰነፍ ምክንያት አያጣም።

በዚህ የተነሳ የደብሩ ካህናት ከግቢው ወይራ ሥር ተሰበሰቡ። አለቃ ገብረመስቀል ደሳለን መሐል አቁመው ጠየቁት።

«ከማን ሰማኸው?»

ደሳለ ሃያ ሁለት ዓመት የተቀመጠበት ወንበር ነው። ሌላ ሙያ የለውም፤ ዕርፍ ቢያስጨብጡት በሬው ይስቅበታል። ከካህናቱ መካከል አብሮ አደጉ ቄስ ኪዳን ብድግ አለ።

«ከየኔታ ተክለ ሚካኤል ነው፤ ነፍሳቸውን ይማርና። አብረን ስንማር እኔም ሰምቻለሁ።»

ውሸት ነበር። የኔታ ካረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ማን ሄዶ ይጠይቃቸዋል? የካህናቱ ፊት ፈታ አለ። አለቃም ቢሆኑ ሰው ማባረር የሚወዱ አልነበሩም።

«እንዲህ ነው ወይ ደሳለ? አዎ በልና እንነሳ።»

ደሳለ «አዎ» ሊል አፉን ከፈተ። ቃሉ አልወጣም አለው። ካህናቱን መዋሸት አያቅተውም፤ ሰው ነውና ከዚህ በፊትም ዋሽቷል። አሁን ግን ከውስጡ የሚያዳምጠው እንዳለ ታወቀው።

«አይደለም አባቴ» አለ። «ኪዳን ለእኔ አዝኖ ነው። ከየኔታ አልሰማሁትም፤ ከማንም አልሰማሁትም። ያላሉትን በሞቱ ሰው አፍ አላስገባም።»

ኪዳን አንገቱን ደፋ። አለቃ እያዘኑም ቢሆን ፈረዱ፤ ደሳለ ከነገ ጀምሮ ወንበሩን ይለቃል፣ ደቀ መዛሙርቱም ወደ ሌላ መምህር ይሄዳሉ።

ደሳለ መስቀል ተሳልሞ ወጣ። ከቅጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ቀላል አይደለም። ያችን «አንድም» ያን ለት የተናገራት ለጆሮው ስለጣመችው ብቻ ነበር። ያመናት ዛሬ ነው።